ባለሁለት ካሜራ የምርመራ መቅረጫ፦ ድምፁ የሚያስመሰግን፣ የምስል አከፋፈሉ መታረም ያለበት ዕቃ

ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ካሉት የደህንነት ካሜራ መሸጫዎች በአንዱ «የምርመራ ክፍል መቅረጫ» እየተባለ የሚሸጥ ዕቃ አለ። በአንድ ካርቶን ውስጥ ጠፍጣፋ የመቅረጫ ሣጥን፣ ሁለት ትናንሽ ካሜራዎች፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ማይክሮፎንና ቀረጻውን የሚያደራጅ የኮምፒውተር ፕሮግራም ታሽገው ይመጣሉ፤ ዋጋው ከአንድ መካከለኛ ላፕቶፕ ብዙም አይርቅም። የጥብቅና ቢሮአችን ዕቃውን የገዛው ደንበኞችና ምስክሮች የሚሰጡንን ቃል በስምምነታቸው ለመቅረጽ፣ እንዲሁም ለጀማሪ ጠበቆች በምናዘጋጀው ልምምድ ላይ የተጠርጣሪ ቃል አቀባበልን እያስመሰልን ለመቅረጽ ነው። ሻጩ የሚያስተዋውቀው ግን በዋናነት ለወንጀል ምርመራ ስለሆነ እኔም የምመዝነው በዚሁ አገልግሎቱ ነው። በዚህ መሣሪያ የተቀረጸ የእምነት ቃል ችሎት ፊት ሲቀርብ፣ ቃሉ በፈቃድ ተሰጥቷል ወይስ በግፊት የሚለውን የሚወስነው ዳኛ ከመሣሪያው የሚያገኘው እርዳታ ነው ወይስ እንቅፋት? መልሱ ዕቃው ከፋብሪካ በወጣበት ሁኔታ ሥራ ላይ መዋል አለመዋሉ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በቅድሚያ የሚመሰገነው ይመስገን። የቢሮአችን መስኮት የሚከፈተው ወደ ታክሲ መያዣው በመሆኑ የረዳቶቹ ጥሪ ቀኑን ሙሉ አያቋርጥም፤ ያም ሆኖ ማይክሮፎኑ በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡትን ሰዎች ድምፅ ከውጭው ጫጫታ ነጥሎ፣ በለሆሳስ የተነገረውን ሳይቀር ጥርት አድርጎ ይይዛል። ይህ እንደ ትርፍ ነገር የሚታይ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሶል ካሲንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ እስረኞች የሰጧቸውን እውነተኛና ሐሰተኛ የእምነት ቃሎች ለኮሌጅ ተማሪዎችና ለፖሊስ መርማሪዎች አቅርበው ነበር፤ እውነቱን ከሐሰቱ በመለየት በኩል ድምፁን ብቻ የሰሙት ምስሉን ካዩት የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። መርማሪዎቹ ከተማሪዎቹ አልተሻሉም፤ በሰጡት ውሳኔ ላይ የነበራቸው መተማመን ግን ከተማሪዎቹ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ የዚህን ዓይነት ዕቃ የሚገዛ ሰው የካሜራውን ጥራት ከመጠየቁ በፊት ማይክሮፎኑን ቢፈትን ይበጀዋል።

የቀረጻው አስተሻሸግም ጥሩ ነው። ቀረጻው በተዘጋ ቁጥር ፕሮግራሙ ለፋይሉ ዲጂታል ማኅተም ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ከፋይሉ ላይ አንዲት ሰከንድ ቢቆረጥ ማኅተሙ ስለማይገጥም ጣልቃ የገባ እጅ ይታወቃል። የሁለቱ ካሜራዎች ምስል ተቀናብሮ ከሚወጣው ፋይል በተጨማሪ የእያንዳንዱ ካሜራ ጥሬ ምስል በተለየ ማህደር ይቀመጣል፤ ይህ ለተከላካይ ጠበቃ ትልቅ ነገር ነው። ሣጥኑ የራሱ ባትሪ የለውም። መብራት ሲጠፋ እስከዚያች ቅጽበት የተቀረጸው ባይበላሽም መብራቱ ሲመለስ ቀረጻው በራሱ አይቀጥልም፤ በመሆኑም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ያልገዛ ሰው በመካከሉ ክፍተት ያለበት ቀረጻ ይዞ ችሎት ይቀርባል። በዚያ ክፍተት ውስጥ ምን እንደተባለ ደግሞ ማንም በእርግጠኝነት ሊያስረዳ አይችልም።

በምስሉ ግርጌ የሚታተመው ቀንና ሰዓት በፈረንጆች አቆጣጠር ብቻ ነው። የምርመራ መዝገቡ «ከቀኑ 9:10» ሲል ምስሉ «15:10» ይላል፤ ቀኑና ዓመተ ምሕረቱም አይገናኙም። ስሌቱ ለማናችንም አይከብድም፤ ሆኖም የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ሕገ መንግሥቱ በሚያዝበት፣ ሰዓት መቁጠር ራሱ የክርክር ጭብጥ በሚሆንበት ሥራ ላይ፣ በሰነዱና በምስሉ መካከል ሁለት ዓይነት ሰዓት መኖሩ ለማያስፈልግ ንትርክ በር ይከፍታል። የመዝገቡን ስም በአማርኛ ስንጽፍም ፊደሉ በባዶ ሳጥኖች ተተክቶ ይወጣል። ለአዲስ አበባ ገበያ የመጣ ዕቃ ይህን ያህል እንኳ አለመዘጋጀቱ ያሳዝናል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የምስሉ አከፋፈል ነው። ዕቃው ከካርቶኑ ወጥቶ እንደተገጠመ፣ አንደኛው ካሜራ ቃል የሚሰጠውን ሰው ፊት ለፊት ይዞ ስክሪኑን በሙሉ ይሞላል፤ መርማሪውን የሚያሳየው ሁለተኛው ካሜራ ደግሞ በቀኝ በኩል ከታች፣ ቴምብር በምታክል ሳጥን ውስጥ ይገባል። ከዚያችም ሳጥን ላይ የሰዓቱ ጽሑፍ ግማሹን ይሸፍናል። የተጠርጣሪው ቅንድብ ሲርገበገብ፣ ከንፈሩ ሲደርቅ፣ ላቡ ሲያቸፈችፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የመርማሪው እጅ የት እንዳለ፣ ወንበሩን ምን ያህል እንዳስጠጋ፣ ፊቱ ምን እንደሚል ግን አይታይም። ሻጩ ይህን የዕቃው ዋና ብልጫ አድርጎ ያቀርበዋል። እኔ ደግሞ ዋናው ጉድለቱ ይህ ነው እላለሁ።

እንዲህ የምልበት ምክንያት የግል ምርጫ አይደለም። በአሜሪካ የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሆነው ዳንኤል ላሲተር ከኦድሪ አርቪን ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት፣ አንድን የማስመሰያ ምርመራ በአንድ ጊዜ ከሦስት አቅጣጫ ቀርጾ ለተለያዩ ተመልካቾች አሳይቶ ነበር፤ አንደኛው ቀረጻ ተጠርጣሪውን ብቻ፣ ሁለተኛው መርማሪውን ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱን እኩል የሚያሳይ ነው። የተነገረው ቃል አንድ ነው፤ ድምፁም አንድ ነው። ይሁን እንጂ ተጠርጣሪውን ብቻ ያዩት ተመልካቾች ግፊቱ አነስተኛ እንደነበረ፣ መርማሪውን ያዩት ደግሞ ግፊቱ ከፍተኛ እንደነበረ ሲፈርዱ፣ ሁለቱን እኩል ያዩት መካከል ላይ ወድቀዋል። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ልዩነቱ በፈቃደኝነት ግምት ላይ ብቻ እንደማይቆም፣ ጥፋተኛ ነው አይደለም ወደሚለው ፍርድም እንደሚዘልቅ አሳይተዋል። ቃሉን በድምፅ ብቻ የሰሙና በጽሑፍ ያነበቡ ሰዎች የሰጡት ግምት ሁለቱን እኩል ካዩት ሰዎች ግምት ጋር የሚቀራረብ መሆኑ ደግሞ፣ ሚዛኑን የሚያዛባው የቀረጻ መኖር ሳይሆን የካሜራው አቅጣጫ መሆኑን ያስረዳል። የሰው አእምሮ ዓይኑ ያረፈበትን ሰው የነገሩ ሁሉ መነሻ አድርጎ ይወስዳል፤ ስክሪኑ ላይ የሚናገረው ተጠርጣሪው ብቻ ከሆነ፣ ቃሉም ከራሱ ፈልቆ የወጣ ይመስላል።

በቢሮአችን ልምምድ ላይ ያየነው ከጥናት የሚቆጠር አይደለም፤ ነገር ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በቅርብ አሳይቶናል። ከጀማሪ ጠበቆቹ አንዷ ላፕቶፕ ሰርቃለች የተባለች የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሆና ቀረበች፤ ሌላው መርማሪ ሆነ። መርማሪው ማንም ሳይነግረው አንድ ዘዴ ፈጠረ። የልጅቷን ሞባይል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «አላደረግኩም» ባለች ቁጥር በሁለት ጣቱ ወደ ራሱ ሳብ ያደርገዋል፤ አንገቷን በእሺታ ስትነቀንቅለት ወደ እሷ መለስ ያደርግላታል። ቃል አልተናገረም፤ አላስፈራራም፤ አልማለላትም። ወደ ቤተሰቧ የምትደውለው ስታምን ብቻ መሆኑን ግን እሷም እሱም ተግባብተዋል። በመጨረሻ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች።

ፋብሪካው በሰጠው አከፋፈል ቀረጻው ሲታይ ሞባይሉ ከነአካቴው የለም። የሚታየው የልጅቷ ፊት ነው፤ ዓይኗ ደጋግሞ ወደ ጠረጴዛው ይወርዳል፣ ትንሽ ዝም ትላለች፣ ከዚያ ታምናለች። ለረጅም ዘመን በዐቃቤ ሕግነት ያገለገሉት አንጋፋ ባልደረባችን ይህን አይተው «ዓይኗን ሰበረች እኮ! አፍራለች» አሉ፤ አብዛኞቻችንም ከዚህ የተለየ ነገር አልታየንም። ያንኑ ቀረጻ ሁለቱን ሰዎች ከጎን እኩል አድርጎ ስናሳያቸው ግን «እስቲ ወደ ኋላ መልሱት» አሉና የመርማሪውን ጣት እየተከተሉ ዳግመኛ ተመለከቱት። ልጅቷ ዓይኗን የሰበረችው ኀፍረት ይዟት ሳይሆን ስልኳ ሲሄድና ሲመጣ እያየች ነበር። ከላይ ድምፅን አወድሼ ነበር፤ ይህን ግን የትኛውም ማይክሮፎን ሊይዘው አይችልም።

«የእኛ አገር ፍርድ የሚሰጠው በተማሩ ዳኞች እንጂ ከመንገድ በተጠሩ ሰዎች ስላልሆነ ይህ አያሰጋንም» የሚል ክርክር ከአንድ ሁለት ባልደረቦቼ ሰምቻለሁ። በተራ ዜጎች ሸንጎ (ጁሪ) የሚዳኙ አገሮች ችግር ነው ለማለት ነው። ክርክሩ ለጆሮ ደስ ቢልም በማስረጃ አይደገፍም፤ ላሲተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ሥራ ላይ ያሉ ዳኞችንና የፖሊስ አባላትን ፈትነው፣ ሙያና ልምድ ከካሜራው አቅጣጫ ተጽዕኖ እንደማያድኑ አረጋግጠዋል። እንዲያውም የፍሬ ነገሩንም የሕጉንም ጉዳይ የሚወስነው ያው ዳኛ በሆነበት ሥርዓት፣ ዳኛው አንዴ ያየውን ምስል «አላየሁትም» ብሎ ከአእምሮው ሊያወጣው ስለማይችል ጥንቃቄው ይበልጥ እንጂ አያንስም ባይ ነኝ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ኒውዚላንድ ይህን ምርምር ተከትላ ፖሊሷ ቃል ሲቀበል መርማሪውና ተጠርጣሪው ከጎን እኩል የሚታዩበትን አቀማመጥ የአገር አቀፍ አሠራሯ አድርጋለች። በዚህ ዕቃም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል፤ ይሁንና አምራቹ ሥራውን አላቀለለውም። ስክሪኑን ለሁለት እኩል የሚከፍለው ምርጫ ከፕሮግራሙ ውስጥ ሦስት ገጽ ወደ ታች ተቀብሯል። አግኝተን ካስተካከልነው በኋላም ኮምፒውተሩ ተዘግቶ በተከፈተ ቁጥር ወደ ፋብሪካው አከፋፈል ይመለሳል። የሁለተኛው ካሜራ ኬብል ደግሞ አጭር በመሆኑ ካሜራውን ከጎን፣ ግድግዳው መካከል ላይ መስቀል አይቻልም፤ ማራዘሚያ ለብቻ ተገዝቶ ነው የተሰቀለው። ይህን ሁሉ ያስተካከለ ሰው እጁ ላይ ጥሩ መሣሪያ አለ። ያላስተካከለው ደግሞ ሳያውቀው ለአንድ ወገን የሚያደላ ምስል ያመርታል።

እኩል መክፈልም ቢሆን ለሁሉም ነገር መድኃኒት አይደለም። ላሲተር የተሳተፈበት እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት፣ መርማሪው ነጭ፣ ተጠርጣሪው ደግሞ የሌላ ዘር ተወላጅ አሜሪካዊ በሆነበት ጊዜ፣ ሁለቱ እኩል እየታዩም የነጭ ተመልካቾች ዓይን ወደ ተጠርጣሪው እንደሚያደላና ቃሉን ይበልጥ በፈቃድ የተሰጠ አድርገው እንደሚገምቱ አሳይቷል። ብዙ ዓይነት ሰው በምትሰበስብ እንደ አዲስ አበባ ባለች ከተማ፣ በአነጋገር ዘዬው ወይም በአለባበሱ ለየት ያለ ተጠርጣሪ የቀረበበትን ቀረጻ የሚመለከት ሰው ይህን ልብ ቢል አይጎዳም።

ሌላው ጉዳይ የመጀመሪያው ቁልፍ ነው። ሣጥኑ መቅረጽ የሚጀምረው ቀዩ ቁልፍ ሲጫን ነው፤ «ቅድመ ቀረጻ» የሚባለው አገልግሎት ደግሞ ከመጫኑ በፊት የነበሩትን ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይመልሳል። ማስታወቂያው ይህን እንደ ታላቅ ነገር ቢያወራውም ዋናውን ችግር አይነካውም። እ.ኤ.አ. በ1989 በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ በደረሰው ጥቃት ከተፈረደባቸው አምስት ታዳጊዎች አራቱ በካሜራ ፊት ድርጊቱን አምነው ነበር፤ ካሜራው የበራው ግን ከብዙ ሰዓታት ምርመራ በኋላ ነው። ፍርድ የሰጡት ሰዎች ያዩት መጨረሻውን ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ሌላ ሰው ድርጊቱን አምኖ የዲኤንኤ ምርመራውም ከእሱ ጋር ሲገጥም የአምስቱም ፍርድ ተሰርዟል። ስለዚህ የዚህ ዕቃ ገዢ ተቋም ከሆነ፣ ሰውየው ወደ ክፍሉ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ እስኪወጣ ድረስ ቀረጻው እንዳይቋረጥ የሚያስገድድ መመሪያ ከዕቃው ጋር አብሮ ማውጣት አለበት፤ መሣሪያው በራሱ ይህን አያደርግለትም።

የእኛ ሕግ በወረቀት ላይ ለዚህ ሁሉ በቂ መሠረት አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 የተያዙ ሰዎች በራሳቸው ላይ ማስረጃ የሚሆን የእምነት ቃል እንዲሰጡ እንደማይገደዱ፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 27 ተጠርጣሪው መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ እንዲነገረው ያዛል፤ አንቀጽ 31 ማስፈራራትን ብቻ ሳይሆን ማባበልንና ተስፋ መስጠትንም ይከለክላል፤ አንቀጽ 35 ደግሞ ቃሉን የሚመዘግበው ፍርድ ቤት በፈቃድ የተሰጠ መሆኑን አስቀድሞ እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። የስልኩ መሄድና መመለስ ከአንቀጽ 31 ጋር የሚጋጭ ማባበል ነው፤ ይህንን ለማስረዳት ግን መጀመሪያ መታየት አለበት። በምስል የተቀረጸ የእምነት ቃል በማስረጃነት እንደሚቀርብ በግልጽ የጻፈው በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 የተተካው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ነበር፤ አንቀጽ 23 ላይ ቀረጻው ተቀባይነት እንዳለው ሲደነግግ ካሜራው ማንን ማሳየት እንዳለበት አልነገረንም።

ይህ አከፋፈል ለዓይናችን እንግዳ የማይሆነውም ስለለመድነው ይመስለኛል። በቴሌቪዥን በሚቀርቡ የወንጀል ዝግጅቶች ላይ ተጠርጣሪው ካሜራውን ፊት ለፊት እያየ ሲናገር፣ ጠያቂው ከካሜራው ጀርባ የሚመጣ ድምፅ ብቻ ሲሆን፣ አንዳንዴም ጥያቄው ተቆርጦ መልሱ ብቻ ሲቀር ስናይ ኖረናል። ሻጩን «አከፋፈሉን ለምን እኩል አድርጋችሁ አትሸጡትም?» ብዬ ስጠይቀው የሰጠኝ መልስም ይኸው ነው፦ «ጌታዬ፣ ደንበኛ ሁሉ የሚፈልገው የሰውዬውን ፊት በጉልህ ነው።» እውነቱን ነው፤ አልፈርድበትም።

በአገልግሎት በኩል መሸጫው የሚነቀፍ አይደለም። ቴክኒሻኑ በቀጠሮው ቀን መጥቶ ካሜራዎቹን ሰቅሏል፤ አንደኛው ሲደበዝዝብን ያለ ክርክር ቀይረውልናል፤ የአንድ ዓመት ዋስትናውም በደረሰኙ ላይ ተጽፏል። የአማርኛ መመሪያ ግን የለውም፤ ቴክኒሻኑም ከ«ክፈት» እና «ዝጋ» ያለፈ ማብራሪያ አልሰጠም።

ለጥብቅና ቢሮዎችና ለሕግ ትምህርት ቤቶች ዕቃውን መግዛት እመክራለሁ፤ ማራዘሚያ ኬብልና ዩፒኤስ በበጀታቸው ውስጥ ይያዙ። ቃል ለመቀበያ ክፍል በብዛት ለሚገዛ ተቋም ግን የምመክረው፣ እኩል አከፋፈሉ መነሻ ሆኖ ካልተቆለፈና የሁለቱም ካሜራ ጥሬ ምስል ለተከላካይ ወገን የሚሰጥበት መንገድ ካልተመቻቸ በስተቀር ርክክቡን እንዳይፈርም ነው። ሻጩ አከፋፈሉን የሚያጸና ማስተካከያ ከአምራቹ አስመጥቶ ሊጭንልን ተስማምቷል። እስኪመጣ ድረስ ጸሐፊያችን ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍቱ ስክሪኑን ለሁለት የመክፈሉን ሥራ ከቢሮው የዕለት ሥራዎች መካከል ጨምረውታል፤ የአሠራሩን ቅደም ተከተልም በወረቀት ጽፈው ከሣጥኑ ጎን ለጥፈውታል።